ሦስተኛ ማርሽ እስከ ነገሌ

ከናዝሬት አርሲ ነገሌ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኛ ሐሙስ ጠዋት ተነሥተን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረስን። ከሞጆ አልፈው የማያውቁት እናቴና ጎረቤቶቻችን በመንገድ ምን እንደገጠመን ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ በቃል ስናገር ደግሞ የምዘለው ስለሚበዛ፣ እንደሆነው በተራ ጻፍኩት።

ምክንያቱ ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በክረምቱ መጨረሻ ነገሌ መግቢያ ላይ ከድር የሚባል ወጣት መንገድ ሲያቋርጥ ገጨው፤ ልጁም ሞተ። ተስፋዬ ራሱ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። የሕጉ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ የደሙ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ጉማ የሚባለው የደም ዕርቅ እስኪፈጸም ድረስ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ከአንድ ገበታ አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ ውሃ አይጠጡም፤ ዕቃ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። መንገድ ላይ ቢገናኙ ደግሞ ለሚሆነው ነገር ዋስ የሚሆን የለም። ተስፋዬ ነገ ቢፈታ እንጀራው ያለው በዚያው መንገድ ላይ ነው።

የከድር አባት ኦቦ ገለቶ ከብዙ ምልጃ በኋላ ቅዳሜ ለዕርቅ ሊቀመጡ ፈቀዱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቃሲም ከናዝሬት ይምጣ። ቃሲም ከሌለ ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

ኦቦ ቃሲም ናዝሬት ገበያ ውስጥ ጨው የሚነግዱ የአርሲ ሽማግሌ ናቸው። «ቅዳሜ ባንደርስስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያዘነ ሰው ሁለተኛ አይለመንም» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን አውቶቡሶቹ ለመንግሥት ሥራ ተወስደው ነበር። ጭነት ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ደግሞ ለእሳቸው ዕድሜ አይሆንም። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጋሽ ወልዴ ሞተር ብስክሌታቸውን አዋሱኝ። ሲያስረክቡኝ የነዳጅ መያዣውን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጉና «ሦስተኛዋን ማርሽ አባብላት። ትንሽ ታኮርፋለች» አሉኝ።

ሐሙስ

ከናዝሬት ስንወጣ ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን ይዞ ፊታችን ላይ ነበር። ኦቦ ቃሲም ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በትራቸውን በእኔና በእሳቸው መካከል አጋድመው ከኋላ ተቀመጡ። «እኔ በፈረስ ነው ያደግሁት። ስለ እኔ አታስብ፤ ፊት ፊትህን እይ» አሉኝ።

እስከ ሞጆ ደህና ነበርን። ከሞጆ ወደ ቆቃ መንገዱ ሲያዘቀዝቅ ሞተሩን አጥፍቼ በዜሮ ማርሽ ለቀቅሁት። ይህን ማስረዳት አለብኝ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ቁልቁለት ሲያገኝ እንዲህ ያደርግ ነበር። ታች ሲደርስ ማርሹን በእግሩ በኃይል ያስገባል፣ ሞተሩም በራሱ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ሰው አባካኝ ይባላል። ጋሽ ወልዴ በዚህ ነገር የታወቁ ናቸው፤ እኔም ከእሳቸው ነው የለመድኩት።

የአዋሽ ድልድይ ሲቃረብ ማርሹን ረግጬ አስገባሁ። ከእግሬ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ተነሣ፤ ሁለተኛው ሠራ። ሦስተኛ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጠው ግን ማርሹ በራሱ ወጣና ሞተሩ በባዶ ጮኸ። እንደገና አስገባሁ። እንደገና ወጣ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ማርሹ ነው ኦቦ። ይገባል፣ ግን አይቀመጥም።»

«ፈረስ እንዲህ ካደረገ ወርደው እግሩን ያዩለታል።»

ድልድዩን ተሻግረን አንድ ግራር ሥር ቆምን። የቆቃን ሐይቅ አየህ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ በጎን ዓይኔ ነው ያየሁት። እኔ የማየው የፍሪሲዮኑን ገመድ ነበር። ገመዱ ከላላ ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለቅም፤ ማርሽም በደንብ አይገባም። በጣቴ ሳብኩት፤ ትንሽ ላልቶ ነበር፤ አጠበቅሁት። ሄድን። ከአፍታ በኋላ ወጣ። ቆምን። የማርሽ መርገጫው ከዘንጉ ላይ ላልቶ እንደሆነ ብዬ ብሎኑን ሞከርኩት፤ ጥብቅ ነው። ሄድን። ወጣ። በሦስተኛው ማቆሚያችን ዘይቱን በሰንበሌጥ ጨልፌ በጣቶቼ መካከል አሸሁት፤ ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። አንዲት የምታብረቀርቅ ቅንጣት ነበረች። ብረት ናት። የማርሹ ጥርስ ተበልቶ ከሆነ ዕቃው በአገር ውስጥ አይገኝም።

ኦቦ ቃሲም ፊቴን አይተው ነበር መሰለኝ፣ በትራቸውን አንሥተው ለመሄድ ተነሡ።

አንድ ዘዴ ብቻ ቀረኝ። ሦስተኛው ሲገባ መርገጫውን በእግሬ ጣት ሽቅብ ደግፌ መያዝ። እንደያዝኩት ይቆያል፤ ጣቴ ሲደክም ይወጣል። ዓለም ጤና ስንደርስ ግራ እግሬ እንደ ሰው እግር አልነበረም።

እዚያ ኬላ አለ። አብዮት ጠባቂው መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። የቀበሌ የይለፍ ወረቀታችንን ተቀበለኝና ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ያይ ጀመር።

«ጓድ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ይህ ጥያቄ በዚያ ዘመን ለእኔ ዓይነቱ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለውትድርና የሚታፈሰው በዕድሜው ነበር።

«ሽማግሌውን ወዴት ነው የምትወስዳቸው?»

«እሱ አይደለም የሚወስደኝ» አሉ ኦቦ ቃሲም ከኋላዬ። «እኔ ነኝ የምወስደው። ለዕርቅ።»

«የምን ዕርቅ?»

«የደም።»

ሰውዬው ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ። ልነሣ ስል ማርሹ አልገባ ብሎ ሞተሩ እንደ ፍየል ዘለለና ጠፋ። ጠባቂው ሳቀ። «ሽማግሌው አንተን ይወስዱሃል፣ አንተ ሞተሩን ትወስደዋለህ። የሚነዳ ሰው የለም እኮ እዚህ!» ገፍቶ ያስነሣልን እሱ ነው።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስብን መቂ አደርን። መቂ እንደ ናዝሬት ይሞቃል፤ የእኛ ነፋስ ግን እዚያ የለም፤ ሙቀቱ እንደተቀመጠ ይቀራል። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ክፍል አከራዩን። ሞተሩ ግቢ ቢያድር ይሰረቃል ብለው አልጋውን ወደ ግድግዳ አስጠግተው እኛው ክፍል ውስጥ አስገቡልን። ኦቦ ቃሲም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ ሲያውቁ ከሐይቁ የመጣ ዓሣ በአዲስ ዘይት፣ በታጠበ መጥበሻ ጠበሱላቸው፤ ሲያቀርቡም መጥበሻው መታጠቡን ደጋግመው ነገሯቸው።

«እንዳላጠፋ ፈርቼ ነው አባቴ።»

«አይዞሽ ልጄ። ዓሣ ማንም አያርደውም፤ ስለዚህ የማንም አይደለም» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። ከናዝሬት ከወጣን የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ዘይቱን ቀየርኩ። ወይዘሮ አስካለ ከወፍጮ ቤት ለምነው ያመጡልኝ ነው። የድሮው ዘይት ወፍሮ እንደሆነ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለጥቂት ጊዜ የተሻለ መሰለኝ። ዝዋይ መታየት ሲጀምር ግን ከውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ፤ መርገጫው ሽቅብም ቁልቁልም እምቢ አለ። ማርሹ ሁለተኛው ላይ እንደተቸነከረ ቀረ። ሞተሩም ጠፋ።

በዝዋይ ጋሪ እንደ ናዝሬት ዕቃ ብቻ አይጭንም፤ ሰው ሁሉ የሚሄደው በጋሪ ነው። አንዱን አስቆምነው። ሞተሩን በገመድ አስረን ስንጭነው ባለጋሪው ደስታው ወሰን አልነበረውም።

«ጌቶች፣ የእኔ ፈረስ ስንት ማርሽ አለው ብላችሁ ጠይቁኝ እስቲ!»

«ስንት አለው?» አሉት ኦቦ ቃሲም።

«አንድ ነው አባባ። ሳር ነው!»

የማርሽ ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው ብሎ ወሰደን። ሰውዬው አማን ይባላል። አትክልት ለሚያለሙት ሰዎች የውሃ ፓምፕ የሚጠግን፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሲናገር ዓይኑን ከሥራው የማያነሣ ሰው ነው። ግቢው ጥላ አለው፤ በጥላው ሥር ማድጋ ውሃና ጣሳ። እኔ ጆንያ አንጥፌ የጎኑን ክዳን ከፍቼ፣ የፍሪሲዮኑን ሰሌዳዎች በተራቸው ደረደርኩ። እሱ ትንሽ ቆሞ አየኝ።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ጋራዥ ውስጥ እየፈታሁ ነው የተማርኩት።»

«ደህና ደርድረሃል። ግን ቶሎ እንጨርስ፤ ነገ ማለዳ ነገሌ መገኘት አለብኝ።» ጣሳውን ከማድጋው ሞልቶ ዘረጋልኝ። «ጠጣ መጀመሪያ። ጉሮሮህ ደርቋል።»

ጣሳውን ተቀበልኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቅዝቃዜው በጣሳው በኩል መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር።

«ነገሌ ምን አለህ?» ብለው ኦቦ ቃሲም እኔም በምሰማው ኦሮምኛ ጠየቁት።

«የእህቴን ልጅ ሾፌር ገድሎብን። ጉማ ነው።»

ጣሳው ከንፈሬ ጋ ደርሶ ነበር።

«አስቀምጠው» አሉኝ ኦቦ ቃሲም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መሬት አስቀምጠው።»

አስቀመጥኩት። አማን እኔንና ሽማግሌውን እያፈራረቀ አየ። ኦቦ ቃሲም መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ወይም ዝም ማለት። «ቃሲም ማለት እኔ ነኝ» አሉት። «ይህ ደግሞ የሾፌሩ ወንድም ነው።»

አማን በእጁ የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ሞተሬ ጆንያ ላይ ተበታትኗል፤ ከዝዋይ ነገሌ ገና ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ የሟቹ አጎት ግቢ ውስጥ ተንበርክኬያለሁ። ከመስጊዱ የጁምዓ ጥሪ ተሰማ። አማን ወጥቶ ሄደ። ኦቦ ቃሲምም በትራቸውን አንሥተው ተከተሉት። ከበሩ ሲደርሱ ዞር ብለው «አትነሣ፤ ማንም ቢመጣ የቃሲም እንግዳ ነኝ በል» አሉኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ውሃው እዚያው ጣሳው ውስጥ ነበር፤ ዝንብ ገባበት። እኔ የማርሹን ጥርሶች አንድ በአንድ በጥፍሬ ዳሰስኩ። ጠርዛቸው ጥቂት ደንዝዟል እንጂ አልተሰበሩም። ታዲያ የተሰበረው ምንድን ነው? ከዚያ በላይ ለመሄድ ሞተሩን ለሁለት መክፈል ነው። ያን ካደረግሁ ደግሞ ቅዳሜ አለፈ ማለት ነው።

ከስግደት ሲመለሱ አማን ቀድሞ ገባ። መስጊድ ውስጥ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። በእኔና በእሱ መካከል አንድ ባዶ ጆንያ ዘረጋ፤ ከጆንያው ማዶ ቁጢጥ አለ።

«ውሃ አልሰጥህም። ቤቴም አላሳድርህም» አለኝ፤ አሁንም ዓይኑ ሥራው ላይ ነው። «ጎረቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱ ያበላችኋል፣ ያሳድራችኋል። ሞተሩ ግን ያን ሽማግሌ ተሸክሞ መድረስ አለበት። አጋድመው።»

አጋደምኩት። እጁን ዘርግቶ ከሥር ያለውን ብሎን አሳየኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ የዘይት ማፍሰሻ መስሎኝ ነበር።»

«ማፍሰሻው ያኛው ነው፤ ይሄኛው አይደለም። ፍታው።»

የሚፈታውን ቁልፍ ጆንያው ላይ አኖረልኝ፤ እኔ ከጆንያው ላይ አነሣሁ። ስጨርስ ጆንያው ላይ መለስኩ፤ እሱ አነሣ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ እንዲህ ሠራን። የአንዳችን እጅ ሲመለስ ነው የሌላው የሚዘረጋው።

ብሎኑ ሲወጣ አንዲት ትንሽ የሽቦ ሞላ ተከትላው ወደቀች፤ ግማሿ ብቻ። አማን በሽቦ ቆርቁሮ የቀረውን ስባሪ አወጣ። ነገሩ ገባኝ። ማርሽ ሲገባ በቦታው የምትይዘው አንዲት ሹል ብረት አለች፤ እሷን ከኋላ የምትገፋት ይህች ሞላ ናት። ሞላዋ ስትደክም ማርሹ ይዘላል፤ ስትሰበር ስባሪዋ ገብቶ ይቆልፈዋል። ዘይቱ ውስጥ ያየኋትም ቅንጣት ከእሷ የተላጠች ነበረች። እኔ ገመድ ሳጠብቅና ዘይት ሳሸት የዋልኩት ለዚህች ጥፍር ለማታክል ነገር ነው።

«በዜሮ ትለቀዋለህ አይደል? ከዚያ ረግጠህ ታስነሣዋለህ» አለኝ።

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

«አውቃለሁ። ፓምፕ ባይኖር ኖሮ ከዚህች ሞላ ብቻ እበላ ነበር።» ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

ከአሮጌ ፓምፕ ሞተር የፈታውን ሞላ አመጣ። ረዘመ። ቆረጠው፤ ጫፉን በድንጋይ አሽቶ አስተካከለ፤ ሞከረው፤ ጠነከረ፤ እንደገና ጥቂት ቆረጠ። ሲገባ መርገጫውን በእጄ አንቀሳቀስኩት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እያንዳንዱ ቦታውን ሲይዝ በመዳፌ ተሰማኝ።

«አሁን አጥብቆ ቢይዝም አትመነው» አለኝ። «ዳገት ላይ ነው የሚታወቀው።»

ቅዳሜ

አማን ማለዳ ዓሣ በሚጭን መኪና ቀድሞን ሄደ። እኛም ተከተልን። አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አለፍን። ከቡልቡላ ወዲያ አገሩ የከድር ወገኖች ነው። ከብት ነጂዎች ቆመው ያዩን ነበር፤ ኦቦ ቃሲም በየመንገዱ በትራቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከኋላዬ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ ከፊቴ የሚመጣውን የሚከላከሉልኝ።

ቁልቁለት ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ሞተሩን ለማጥፋት ይሄዳል፤ እመልሰዋለሁ። ቤንዚኑ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ከላንጋኖ አልፎ ዳገቱ ተጀመረ። ሦስተኛ አስገባሁና እግሬን አነሣሁ። ነዳጅ ሰጠሁት። ልይዘው ጣቴ ይነሣል፣ አወርደዋለሁ። ያዘ። ኩርባውን ዞርን፤ ያዘ። አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ዛፉ እየወፈረ፣ መሬቱ እየጠቆረ መጣ፤ ናዝሬት ላይ በበጋ የማይታይ አረንጓዴ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበርና ረፍዶብናል። የነገሌ ቤቶች ሲታዩ የበለጠ ነዳጅ ሰጠሁት።

«አቁም» አሉኝ ኦቦ ቃሲም።

«ደርሰናል እኮ ኦቦ፣ ረፍዷል!»

«አጥፋውና ውረድ።»

ቦታውን ያኔ አወቅሁት። ተስፋዬ በደብዳቤ ያልጻፈልኝ፣ እኔም ያልጠየቅሁት ቦታ ነው። የመንገዱ ዳር ላይ ድንጋይ ተከምሯል። ሦስት ቀን ያ ሞተር እንዲሮጥ ስለምን ቆይቼ፣ በመጨረሻ መሮጥ ሲችል አጥፍቼ በእጄ ገፋሁት። ኦቦ ቃሲም ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ተራመዱ። ሰዎች ከየደጁ ወጥተው ቆመዋል። የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበሩ። ኦቦ ገለቶ በትራቸውን ይዘው ለመነሣት እያሰቡ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ተስፋዬ በጣቢያ ስለሆነ በእሱ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ብዙ ተባለ፤ የሁሉንም ቃል አልያዝኩም። ኦቦ ገለቶ ግን አንድ ጊዜ ቀጥታ ወደ እኔ ዞሩ።

«በሞተር ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ልጄ በወደቀበት በኩል?»

«በዚያ በኩል።»

«ድምፁን ስጠብቅ ነበር» አሉ። «አልሰማሁትም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ኦቦ ቃሲም መለሱ፤ በትራቸውንም መሬት ላይ አጋደሙት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲተነፍሱ ሰማሁ።

በሬ ታረደ። ሥርዓቱን በዝርዝር አልጽፍም፤ የእኔ አይደለም። ሲፈጸም በአንድ ውሃ እጃችንን ታጠብን፣ ከአንድ ገበታም በላን። አማን ከማዶ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ለመመለስ ሞተሩን ሳስተካክል መጣና ከጎኔ ቁጢጥ አለ።

«ዳገቱ ላይ ያዘ?»

«ያዘ።»

«ብሎኑን እንደገና ጠበቅ እናድርገው። አዲስ ነገር ከመንገድ በኋላ ይላላል። ቁልፉን ስጠኝ።»

ቁልፉን መሬት ላይ አኖርኩለት፤ እጄ ከትናንት የለመደችው እንዲያ ነበር። አማን አላነሣውም። ቁልፉንም አላየውም። መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

ቁልፉን ከመሬት አነሣሁ፤ አቧራውን በሱሪዬ ጠረግሁና እጁ ላይ ሰጠሁት።